የኤክስካቫተር ሞተር ሴንሰር ብልሽትን መለዋወጫ ከመግዛት በፊት ለይቶ ማወቅ፦ በወሎ ደጋና ቆላ ለሚሠሩ መካኒኮች የተዘጋጀ ዝርዝር መመሪያ

በደሴ፣ በኮምቦልቻና በወልድያ ዙሪያ ባሉ የመንገድ ሥራዎችና የድንጋይ ካባዎች ላይ አንድ ኤክስካቫተር የማስጠንቀቂያ መብራት አብርቶ ጉልበቱ ሲቀንስ፣ ብዙ ጊዜ የሚወሰደው የመጀመሪያ እርምጃ ሞኒተሩ ላይ ስሙ የወጣውን ሴንሰር ከአዲስ አበባ ማዘዝ ነው። ዕቃው በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ተጉዞ ደርሶ ሲገጠም መብራቱ እንደበራ ይቀራል፤ የተበላሸው ሴንሰሩ ሳይሆን ወደ ሴንሰሩ የሚሄደው ሽቦ፣ ሶኬቱ፣ የባትሪው ግራውንድ (ወደ ኔጌቲቭ የሚመለሰው መስመር) ወይም ሞተሩ ራሱ ነበርና። ሞኒተሩ የሚያወጣው ኮድ ቀበሌውን እንጂ ቤቱን አይጠቁምም። ኮዱ የሚናገረው ስለ አንድ የኤሌክትሪክ መስመር በሙሉ፣ ማለትም ስለ ሴንሰሩ፣ ስለ ሶኬቱ፣ ስለ ሽቦውና ስለ ሞተሩ ኮምፒውተር ነው፤ ከነዚህ መካከል ጥፋተኛውን የሚለየው ልኬት ብቻ ነው።

ለሥራው የሚያስፈልጉት ዲጂታል ቴስተር፣ የዚያው ሞዴል የኤሌክትሪክ ሥዕል ያለበት የጥገና መጽሐፍ፣ ሜካኒካል የዘይት ግፊት ጌጅ፣ ከተቻለም ከርቀት ሙቀት የሚለካ ቴርሞሜትር ናቸው። የአምራቹ ፕሮግራም የተጫነበት ላፕቶፕ ካለ ሥራው ይቀላል። ሆኖም ቴስተርና የሽቦ ሥዕል የያዘ መካኒክ ላፕቶፕ ብቻ ከያዘው ይልቅ ጥፋቱን ቶሎ ያገኛል ብዬ አምናለሁ፤ ላፕቶፑም ቢሆን የሚያሳየው ኮምፒውተሩ የሚያምነውን እንጂ በሽቦው ላይ በትክክል ያለውን አይደለም።

ከሁሉ በፊት ማሽኑን ደልዳላ ቦታ ላይ ያቁሙ፣ ባልዲውን መሬት ላይ ያሳርፉ፣ የሃይድሮሊክ መቆለፊያውን ይዝጉ፤ ቁልፉንም ከኪስዎ አያውጡ። ኮመን ሬይል በሚባለው የናፍጣ ሥርዓት ውስጥ ያለው ግፊት ከ1,600 ባር ሊበልጥ ስለሚችል፣ ሞተሩ እየሠራ የከፍተኛ ግፊት ቱቦ ፈጽሞ አይፍቱ፤ ፍሳሽንም በእጅ እየዳሰሱ አይፈልጉ። ሞተሩ ከጠፋ በኋላም የአምራቹ መጽሐፍ ያዘዘውን ደቂቃ ያህል ሳይጠብቁ ያንን ቱቦ መንካት ለሕይወት የሚያሰጋ ስህተት ነው።

ኦፕሬተሩን መጠየቅ፣ ኮዱን ማንበብ

ማሽኑ ላይ ከመውጣትዎ በፊት ኦፕሬተሩን በትዕግሥት ያነጋግሩ። መብራቱ የበራው ጠዋት ሲነሳ ነው ወይስ ሞተሩ ከሞቀ በኋላ? ዳገት ሲወጣ ነው ወይስ ባልዲው ሞልቶ ሲዞር? ትናንት ማሽኑ ታጥቧል? ብየዳ ተደርጎበታል? ናፍጣው ከየትኛው በርሜል ተቀዳ? ዕድሜያቸው የገፋ ኦፕሬተር ከሆኑ «ጋሼ፣ መብራቱ በርቶ ከማየትዎ በፊት የሞተሩ ድምፅ ተለውጦብዎት ነበር?» የሚለው አንድ ጥያቄ ብቻውን ግማሽ ቀን የሚያድንበት ጊዜ አለ፤ ድምፁ ቀድሞ ከተለወጠ ምልክቱ ከሞተሩ መጥቷልና፣ ድምፁ ሳይለወጥ መብራቱ በድንገት በርቶ ከጠፋ ግን ጥርጣሬው ወደ ሽቦ ያዘነብላል።

ቀጥሎ ኮዶቹን በሙሉ፣ አሁን ያሉትንም ያለፉትንም፣ ከተከሰቱበት ሰዓትና ከድግግሞሻቸው ጋር ወረቀት ላይ ይጻፉ። ኮዱን አጥፍቶ ተመልሶ መምጣቱን ማየት በየሳይቱ የተለመደ ቢሆንም እኔ አልደግፈውም፤ የጠፋው መዝገብ ብልሽቱ መቼ እንደጀመረ የሚናገር ብቸኛው ምስክር ሊሆን ይችላል።

አብዛኞቹ የዘመኑ ማሽኖች ኮዱን በሁለት ቁጥሮች ከፍለው ያወጣሉ። የመጀመሪያው ኤስፒኤን (SPN) የሚባለው ሲሆን ስለ የትኛው መስመር እንደሚነገር ያመለክታል፤ ለምሳሌ 100 የሞተር ዘይት ግፊት፣ 102 ተርቦው የሚገፋው አየር ግፊት፣ 110 የማቀዝቀዣ ውኃ ሙቀት፣ 157 የኮመን ሬይል ግፊት፣ 190 የሞተር ፍጥነት ነው። ሁለተኛው ኤፍኤምአይ (FMI) የሚባለው የጥፋቱን ዓይነት ይናገራል፤ መካኒኮች ብዙ ጊዜ የሚዘሉትም ይህንኑ ነው፣ ትልቁ ፍንጭ ያለው ግን እዚህ ላይ ነው። 3 ከሆነ ቮልቱ ከሚገባው በላይ፣ 4 ከሆነ ከሚገባው በታች ሆኗል፤ 5 የተቋረጠ መስመርን፣ 6 ከግራውንድ ጋር የተገናኘ ወይም ከመጠን ያለፈ ከረንት የሚስብ መስመርን፣ 2 ደግሞ የሚዋዥቅ ወይም እርስ በርሱ የማይስማማ ምልክትን ያሳያል። 0 እና 1 ግን የተለዩ ናቸው፤ ኮምፒውተሩ ሴንሰሩን አምኖ «ሙቀቱ በእርግጥ አልፏል» ወይም «ግፊቱ በእርግጥ ወርዷል» ማለቱ ነው። ስለዚህ 100 ከ1 ጋር ከመጣ ሞተሩን ወዲያውኑ ያጥፉ፤ በሜካኒካል ጌጅ ግፊቱ ሳይረጋገጥም ማሽኑ ዳግም አይነሳ።

ኮማትሱ የተባለው የማሽን አምራች በራሱ አጻጻፍ ይሄዳል። በሞኒተሩ ላይ ሲኤ144 (CA144) ሲወጣ የማቀዝቀዣ ውኃ ሙቀት ሴንሰር መስመር ቮልት ከፍ ማለቱን፣ ሲኤ145 ዝቅ ማለቱን ይገልጻል፤ ሲኤ451 እና ሲኤ452 ለሬይል ግፊት ሴንሰር፣ ሲኤ122 እና ሲኤ123 ለተርቦ አየር ግፊት ሴንሰር በዚያው ቅደም ተከተል ያገለግላሉ። የብዙ ሴንሰሮች ኮድ በአንድ ጊዜ ከመጣ ሁሉም በአንድ ቀን አይበላሹምና፣ የሚጋሩትን መጋቢ ሽቦ ወይም ግራውንድ ይጠርጥሩ።

ባትሪውና ግራውንዱ

ይህን ክፍል ቶሎ እናልፋለን፤ መዝለል ግን አይቻልም። ሞተሩ ቆሞ ያረፉ ሁለቱ ባትሪዎች በድምር 25 ቮልት ገደማ ሊኖራቸው ይገባል፤ ሞተሩ ሲሠራ ከ27.5 እስከ 28.5 ቮልት፣ ሞተሪኖው (የሞተር ማስነሻው) ሲዞር ደግሞ ከ18 ቮልት ያላነሰ መታየት አለበት። ከዚያ በታች ከወረደ ኮምፒውተሩ ራሱ ይደናገርና የሌለ ብልሽት ይመዘግባል። ቴስተሩን ቮልት ላይ አድርገው አንዱን ጫፍ ባትሪው ኔጌቲቭ ላይ፣ ሌላውን ሞተሩ ብሎክ ላይ አሳርፈው ሞተሪኖው ሲዞር ይለኩ፤ ግማሽ ቮልት የሚያልፍ ከሆነ የግራውንዱ ገመድ ዝጓል ወይም ላልቷል። በማሽኑ ላይ ብየዳ የሚደረግ ከሆነ፣ ቁልፉ ከተዘጋ ጥቂት ደቂቃዎች በኋላ ባትሪውን ነቅሎ፣ የኮምፒውተሩንም ሶኬት ማላቀቅ ግዴታ ነው።

ሞተሩ ሳይነሳ ጠዋት የሚደረግ ንጽጽር

ከሁሉም ምርመራ የምመርጠው ይህንን ነው፤ ገንዘብም ሆነ ልዩ መሣሪያ አይጠይቅም። ማሽኑ ሌሊቱን ካደረ በኋላ ሞተሩን ሳያስነሱ ቁልፉን ብቻ ይክፈቱና በሞኒተሩ ወይም በላፕቶፑ ላይ የሁሉንም ሴንሰሮች ንባብ ይመልከቱ። የማቀዝቀዣ ውኃው፣ የሚገባው አየርና የናፍጣው ሙቀት ሌሊቱን አብረው ቀዝቅዘዋልና በጥቂት ዲግሪ ልዩነት ከአካባቢው አየር ጋር መቀራረብ አለባቸው። ሁለቱ 13 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲያሳዩ ሦስተኛው 34 ካለ የተጠረጠረው ተገኘ ማለት ነው። የዘይት ግፊትና የሬይል ግፊት ወደ ዜሮ መቅረብ አለባቸው። ቆሞ ባደረ ሞተር ላይ 60 ባር የሬይል ግፊት የሚያሳይ ሴንሰር ሲሠራም በዚያው መጠን እየዋሸ ነው።

የተርቦ አየር ግፊት ሴንሰር ግን በወሎ ምድር የተለየ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ይህ ሴንሰር በአብዛኛው የሚለካው ከባዶ ጀምሮ ያለውን ሙሉ ግፊት ስለሆነ፣ ሞተሩ ሳይነሳ የሚያሳየው የአካባቢውን የአየር ግፊት ነው። በባሕር ጠለል ላይ ያ ቁጥር 101 ኪሎ ፓስካል ነው፤ ብዙ የጥገና መጽሐፍም «100 ገደማ» ብሎ ያልፈዋል። ከባሕር ጠለል በላይ 1,500 ሜትር በሚጠጋው ቆቦ 85 ገደማ፣ በ1,850 ሜትር አካባቢ ባለችው ኮምቦልቻ 81 ገደማ፣ 2,500 ሜትር ላይ በተቀመጠችው ደሴ 75 ገደማ ሲሆን፣ በጉጉፍቱ ደጋ ደግሞ ከ70 በታች ይወርዳል። ስለዚህ ደሴ ላይ 75 ያነበበ ሴንሰር ጤነኛ ነው፤ በዚያው ቦታ 100 ያነበበው ነው የታመመው። የአካባቢ አየር ግፊት ሴንሰር ለብቻው ያለው ሞተር ከሆነ የሁለቱ ንባብ በጥቂት ኪሎ ፓስካል ልዩነት መግጠም አለበት። ሞኒተሩ የአካባቢውን ግፊት ከንባቡ ቀንሶ የሚያሳይ ዓይነት ከሆነ ግን ዜሮ ነው የሚጠበቀው፤ ይህን ከመጽሐፉ አስቀድመው ያረጋግጡ።

ከዚሁ ጋር የሚያያዝ ሌላ ስህተት አለ። ከሐርቡ ወይም ከቆቦ ቆላ በሎውቤድ (ከባድ ማሽን በሚጭን ዝቅ ያለ ተሳቢ) ተጭኖ ወደ ደጋ የወጣ ማሽን ጥቁር ጭስ ሲያወጣና ጉልበቱ ሲደክም «ሴንሰሩ ነው» ይባላል። የደሴ አየር ግፊት ከባሕር ጠለሉ በሩብ ያህል ያነሰ ስለሆነ፣ ከአምራቹ የከፍታ ወሰን በላይ ኮምፒውተሩ ተርቦውን ከመጠን በላይ ከመሽከርከር ለመጠበቅ ናፍጣውን ራሱ ይቀንሳል። ኮድ ሳይኖር ጉልበት ብቻ ከቀነሰ መጀመሪያ የአየር ፊልትሮውን፣ የተርቦውን ቱቦዎችና ማሰሪያዎቻቸውን ይፈትሹ፤ በቆላው አቧራ ግማሽ የተደፈነ ፊልትሮ ቆላ ሳለ ያልታወቀ ቢሆን ደጋ ሲወጣ ይጋለጣል።

ሙቀትን በተመለከተም ከፍታው ያሳስታል። ደሴ ላይ ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውኃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። የራዲያተሩ ክዳን ግፊት መያዝ ካቃተው፣ በተለይም በኩላንት ፈንታ የወንዝ ውኃ ተሞልቶ ከሆነ፣ ጌጁ ገና አረንጓዴው ውስጥ ሳለ ራዲያተሩ ይፈላል፤ መካኒኩም «ሴንሰሩ ሙቀቱን አያነብም» ብሎ ይደመድማል። በእርግጥ ሴንሰሩ እውነቱን ተናግሯል። 50 ኪሎ ፓስካል የሚይዝ ጤነኛ ክዳን ቢኖር በዚያው ደሴ ውኃው እስከ 106 ዲግሪ ገደማ ሳይፈላ ይቆይ ነበር። ስለዚህ የሙቀት ሴንሰር ከመግዛት በፊት የክዳኑ ላስቲክና ስፕሪንግ ይታይ፤ ክዳኑም ሞተሩ ፈጽሞ ሳይቀዘቅዝ አይከፈት።

አምስቱን ቮልት መከታተል

የግፊት ሴንሰሮች በአብዛኛው ባለ ሦስት ሽቦ ናቸው፦ ከኮምፒውተሩ የሚመጣ 5 ቮልት፣ ወደ ኮምፒውተሩ የሚመለስ ግራውንድ፣ እና ምልክቱን የሚያደርስ ሦስተኛ ሽቦ። የትኛው ቀዳዳ የትኛው እንደሆነ ከሥዕሉ ሳያረጋግጡ አይለኩ። ሶኬቱን ነቅለው ቁልፉን ይክፈቱና በ5 ቮልቱና በግራውንዱ ፒኖች መካከል ይለኩ፤ ከ4.75 እስከ 5.25 ቮልት ከተገኘ መጋቢው ጤነኛ ነው። በ5 ቮልቱ ፒንና በማሽኑ ብረት መካከል 5 ቮልት እየተገኘ በሁለቱ ፒኖች መካከል ካልተገኘ የተቋረጠው የግራውንድ ሽቦው ነው።

ቮልቱ ወደ ዜሮ ወይም ወደ 1 ከወረደ ኮምፒውተሩን ለመክሰስ አይቸኩሉ። አንድ የ5 ቮልት መስመር ብዙ ሴንሰሮችን በጋራ ስለሚመግብ፣ አንዱ በውስጡ ከተቃጠለ ወይም የአንዱ ሽቦ ብረት ላይ ከተፋቀ ሁሉንም ይጎትታል። ቴስተሩን በቦታው ትተው በዚያ መስመር ላይ ያሉትን ሴንሰሮች አንድ በአንድ ይንቀሉ፤ 5 ቮልቱ የተመለሰው የትኛው ሲነቀል እንደሆነ ይመዝግቡ። ሁሉም ተነቅለው ካልተመለሰ ጥፋቱ ሽቦው ላይ ነው፤ ሽቦውም ከኮምፒውተሩ ተላቆ ከተፈተሸና ጤነኛ ከሆነ ብቻ ነው ኮምፒውተሩ የሚጠረጠረው።

መጋቢው ጤነኛ ከሆነ ሴንሰሩን መልሰው ሰክተው ምልክቱን ከሶኬቱ ኋላ በቀጭን መርፌ ይለኩ፤ ሽፋኑን ወግቶ መለካት ግን ክረምት ሲመጣ ውኃ የሚገባበትን ቀዳዳ ትቶ መሄድ ነው። ብዙ ሴንሰሮች ዜሮ ግፊት ላይ 0.5 ቮልት፣ በሙሉ ግፊት 4.5 ቮልት ገደማ ይሰጣሉ። 0 ወይም 5 ቮልት ላይ የተጣበቀ ምልክት የመቋረጥ ወይም የመነካካት ምልክት ነው። በምርመራው ሁሉ 5 ቮልቱን ከግራውንድ ጋር ወይም 24 ቮልትን ከኮምፒውተሩ ካልተነቀለ ከየትኛውም የሴንሰር ሽቦ ጋር ፈጽሞ አያገናኙ፤ የሚቃጠለው ኮምፒውተሩ ነው።

ባለ ሁለት ሽቦ የሙቀት ሴንሰር

የዚህ ምርመራ ቀላል ነው። በውስጡ ያለው አካል ሲሞቅ ኦሙ (ኤሌክትሪክ የመቋቋም መጠኑ) እየቀነሰ ይሄዳል፤ በስፋት በሚሠራበት አንድ ዓይነት ሴንሰር 20 ዲግሪ ላይ 2,500 ኦም ገደማ ሲሆን 100 ዲግሪ ላይ ከ200 በታች ይወርዳል፤ የእርስዎ ሞተር ሰንጠረዥ ከመጽሐፉ ይወሰድ። ሶኬቱ ሲነቀል ኮምፒውተሩ ቮልቱ ወደ 5 ከፍ ማለቱን አይቶ እጅግ ቀዝቃዛ ንባብ ይይዛል ወይም ኤፍኤምአይ 3 ያወጣል፤ ሁለቱ ቀዳዳዎች በአጭር ሽቦ ሲገናኙ ደግሞ እጅግ ሞቃት ወይም ኤፍኤምአይ 4 መሆን አለበት። ኮዱ በሁለቱም አቅጣጫ ከተገለበጠ ሽቦውና ኮምፒውተሩ ነፃ ናቸው፣ ሴንሰሩ ይቀየር። ካልተገለበጠ አዲስ ሴንሰር ምንም አይፈይድም። ይህ ዘዴ ለባለ ሁለት ሽቦ የሙቀት ሴንሰር ብቻ መሆኑን ልብ ይሏል፤ በባለ ሦስት ሽቦ ላይ አይሞከርም።

ሞተሩ እየዞረ የማይነሳ ከሆነ

ሞተሪኖው በደንብ እያዞረ ሞተሩ ካልተነሳ የፍጥነት ሴንሰሮቹን ያስቡ፤ አንዱ ክራንክሻፍቱን፣ ሌላው ካምሻፍቱን ያነባል። ሞተሪኖው ሲዞር ሞኒተሩ በደቂቃ ከ100 ዙር በላይ ካላሳየ ኮምፒውተሩ ሞተሩ መዞሩን አያውቅም፣ ናፍጣ የሚረጨውን ኢንጀክተርም አይከፍትም። ባለ ሁለት ሽቦው መግነጢሳዊ ዓይነት ተነቅሎ ኦሙ ይለካል፤ ሲዞርም ተለዋዋጭ ቮልት ማመንጨት አለበት። ባለ ሦስት ሽቦው ግን መጋቢ ቮልት የሚፈልግ ስለሆነ በኦም አይመዘንም። ሴንሰሩን ፈትተው ጫፉ ላይ የብረት ብናኝ ተጣብቆ እንደሆነ ይመልከቱ፤ ጠርጎ መመለስ የሚበቃበት ጊዜ አለ። ዙሩ እየታየ ሞተሩ ካልተነሳ ወደ ሬይል ግፊቱ ይሂዱ፤ ብዙ ሞተሮች ኢንጀክሽን ለመጀመር 200 ባር ገደማ ይጠብቃሉ። ያ ግፊት ካልደረሰ ደግሞ ከሴንሰሩ በፊት የናፍጣ ፊልትሮውና የውኃ መለያው ይፈተሻሉ፤ ነዳጅ በበርሜል በሚመላለስበት ሳይት ውኃ የገባበት ናፍጣ እንግዳ ነገር አይደለም።

ሽቦውን መመርመር

በወሎ ሁኔታ ለሴንሰር ኮድ ዋነኛው ምክንያት ሽቦና ሶኬት ነው ብል አላጋነንኩም። ከሐምሌ እስከ መስከረም ዝናብ ሥራ ሲያስተጓጉል የቆመ ማሽን የአይጥ መጠለያ ይሆናል፤ ሲከፈት የተላጠ ሽቦ ይገኛል። በግፊት ውኃ የታጠበ ሞተር ሶኬቱ ውስጥ ውኃ ይቋጥራል። ከዚህ ሁሉ የሚከፋው ግን የቀድሞ መካኒክ ጠምዝዞ በፕላስተር የጠቀለለው መገጣጠሚያ ነው፤ ቴስተር ላይ ደህና ይመስልና ማሽኑ ድንጋይ ሲመታ ይለቃል።

ስለዚህ ሞተሩ እየሠራ ንባቡን እያዩ ሽቦውን ከሴንሰሩ እስከ ኮምፒውተሩ በየክንዱ ያወዛውዙ፤ በተለይ በማሰሪያ ብረቶች ሥር፣ በተርቦው አቅራቢያና ሞተሩ ከሻሲው በሚገናኝበት ቦታ። ተሽከርካሪ ክፍሎችና ማራገቢያው ባሉበት ግን ሞተሩን አጥፍተው ይሥሩ። የኦም ልኬት ብቻውን አያጠግብም፤ አሥራ ሁለት ክሩ ተበጥሶ አንድ ክር የቀረው ሽቦም ዜሮ ኦም ያሳያልና። በሁለቱም ጫፍ ከኮምፒውተሩና ከሴንሰሩ የተነቀለውን ሽቦ 24 ቮልት የ5 ዋት አምፖል በማብራት ይፈትኑት፤ አምፖሉ ከፈዘዘ ሽቦው ታሟል። ፒኖቹን በኮንታክት ማጽጃ እንጂ በናፍጣ ወይም በቤንዚን አያጽዱ፤ ላስቲኩ ያብጣል። የተቆረጠውም ተበይዶ በሚኮማተር ሽፋን ይታሸግ።

ብዙ ኮምፒውተሮች «አልተገናኘንም» የሚል ኮድ ካወጡ የመገናኛ መስመሩን ይመልከቱ። ባትሪው ተነቅሎ በሁለቱ የመገናኛ ሽቦዎች መካከል 60 ኦም መገኘት አለበት፤ 120 ከሆነ ከሁለቱ ጫፍ ማብቂያዎች አንዱ ወድቋል፣ ወደ ዜሮ ከቀረበ ሽቦዎቹ ተነካክተዋል።

ከጥገናው በኋላ

ኮዱን አሁን ያጥፉ፤ ከዚያ ብልሽቱ ሲከሰት የነበረውን ሁኔታ ይድገሙ። ጥፋቱ ሞተሩ ሞቆ ዳገት ላይ ይመጣ ከነበረ፣ ጋራዥ ውስጥ አሥር ደቂቃ በባዶ ማሽከርከር ምንም አያረጋግጥም፤ ኦፕሬተሩ ባልዲውን ሞልቶ እስኪሞቅ ይሥራ፣ እርስዎም ንባቡን ይከታተሉ። አዲስ ሴንሰር ከተገጠመ የክፍል ቁጥሩን ከአሮጌው ጋር ያመሳክሩ፤ መልኩና ሶኬቱ አንድ ሆኖ የግፊት ወሰኑ የተለየ ሴንሰር ገበያው ላይ ሞልቷል፣ ኮድም ሳያወጣ በስህተት ያነባል።

በመጨረሻም ማሽኑ ጤነኛ ሳለ ጠዋት ሞተሩ ሳይነሳ፣ እንዲሁም ሞቆ በሙሉ ዙር ሲሠራ የሚያሳየውን የእያንዳንዱን ሴንሰር ንባብ፣ ከሳይቱ ስምና ከፍታ ጋር በማሽኑ የጥገና ደብተር ላይ ይጻፉ። ማሽኑ ከኮምቦልቻ ወደ ኩታበር ወይም ወደ ባቲ ሲዛወር ይኸው ልኬት በመጀመሪያው ጠዋት ይደገም፤ ተረኛው መካኒክ ቀጣዩን ኮድ የሚመዝነው ከዚያ ገጽ ላይ ካሉት ቁጥሮች ጋር ነው።